ሽማግሌዎቹ የዘመሙበት ክረምት

ሰኞ፣ ፎቶ 1

የሥዕል አስተማሪያችን ትምህርት ቤት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ድንገት ብልጭ አለለትና የክረምት ሥራ ሰጠን። በየቀኑ አንድ ፎቶ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሠላሳ ቀን። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አንድ መስመር ይጻፋል። "ተራ ነገር ማየት ተማሩ" አለን። እኔ በዚህ በኩል አስተማሪ አያስፈልገኝም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከተራ ነገር ሌላ አይቼ አላውቅም።

መስኮቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥሩ የግቢያችን ሲሚንቶ አለ፤ ከዚያ እማዬ የሆቴል አንሶላ እያጠበች የምታሰጣበት ገመድ፤ ከዚያ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር። በቀኝ በኩል አባዬ የዛሬ ሁለት ዓመት የገነባው ግንብ አለ። ከግንቡ ጀርባ ያለው መሬት ከእኛ ግቢ በሁለት ሜትር ይበልጣል፤ ግንቡ ባይኖር አፈሩ መጥቶ አልጋችን ላይ ይተኛል። እኔ ያለሁት በግንቡ ጫፍ በኩል ስለሆነ በጎኑ ነው የማየው፤ ፊቱን ሰረቅ አድርጌ ብቻ።

አግዳሚው ላይ፣ ግንቡን ተደግፈው፣ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ። ጋሽ ሊቀመንበር የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ስለነበሩ ዛሬም አጠገባቸው የሚያልፈውን ሁሉ ጥፍሩን ያያሉ። ጋሼ ፍሬን አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቀኝ እግራቸው ግን አልወጣም። ሰው ፈጠን ብሎ ካወራ መሬቱን ይረግጡታል። ሐኪም ውሃ ጠጣ ስላላቸው ሁለት ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያዩት ይውላሉ። እትዬ ሬዲዮ ጡረታ የሚባል ነገር አያውቁም። ሥራቸው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞት ነው።

ኮሚቴው እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ስለዚህ ሳይጠራ በየቀኑ ስብሰባ አለ።

ከፎቶው ሥር የጻፍኩት፦ "ሦስት ቅርሶች፣ በእንጨት ላይ።"

ማክሰኞ፣ ፎቶ 2

ያው። ጋሼ ፍሬን እግራቸውን ቀይረዋል።

ሐሙስ፣ ፎቶ 4

ስልኬን መስኮቱ ደፍ ላይ በባዶ የአበባ ማሰሮ አስደግፌ ነው የማነሣው። ማሰሮው ራሱ ጠማማ ስለሆነ ፎቶው ሁሉ ይንጋደዳል። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና ሙያው አላስችል አለው። "መጀመሪያ ጠርዝ ያዢ። ጠርዙ ከቀና ሌላው ይከተላል" አለኝ። ግንበኛ ሁሉን ነገር ግንብ ይመስለዋል። ወፍ ቢያይ ሲሚንቶዋ ስንት ነው ሳይል አይቀርም።

ግን እውነቱን ነው። ስልኬ ላይ ፎቶ በጣት እየገፉ የሚያቀኑበት ነገር አለ። የግንቡን ጫፍ ከፎቶው ጠርዝ ጋር ልክ እስኪሆን አዞርኩት። አማረ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም እንዲህ አቀናለሁ።

"አባዬ፣ አንተም ግባና ላንሣህ" አልኩት። "ግንበኛ በግንቡ ይታያል" ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ንግግር ከየት እንደሚያመጣ አላውቅም። ሲሚንቶው ከረጢት ላይ ተጽፎ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ፎቶ 6

ተከሰስኩ። እትዬ ሬዲዮ ከመስኮቱ የስልክ ዓይን እንደሚያያቸው ለኮሚቴው አመልክተው ኮሚቴው (ማለትም እትዬ ሬዲዮና ሌሎቹ ሁለቱ) ጠራኝ። የትምህርት ቤት ሥራ መሆኑን ነገርኳቸው። ጋሽ ሊቀመንበር "ትምህርት ቤት" የሚለውን ሲሰሙ ኮታቸውን ቆለፉ። ትምህርትን መደገፍ የኮሚቴው ግዴታ ነው አሉ። ከዚያ ግን ፎቶው በሥርዓት እንዲሆን መመሪያ ሰጡ፦ አለመሳቅ፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ እጅ ጉልበት ላይ።

እሑድ፣ ፎቶ 7

በመመሪያው መሠረት ተቀምጠዋል። ሦስቱም ጥርስ ሊነቀል ወረፋ የሚጠብቅ ሰው መስለዋል። ጋሽ ሊቀመንበር ክራባት አስረዋል። ለክረምት ዝናብ፣ ለአንድ አግዳሚ፣ ለአንዲት የስልክ ካሜራ፣ ክራባት።

ማክሰኞ፣ ፎቶ 9

ሦስት ቀን ዘነበ። ዛሬ ፀሐይ ወጥታ ልስኑ ሲደርቅ ግንቡ ላይ ኩፍኝ ወጣበት። ሰባት ጥቁር ክብ፣ በአንድ መስመር፣ ልክ በሽማግሌዎቹ ወገብ ትይዩ። ሌላው ደርቋል፤ እነሱ አልደረቁም።

ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። ግንቡ ሲሠራ አባዬ ከሥሩ ሰባት ቱቦ ቀብሮ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ከጀርባ ያለው አፈር የጠጣው ውሃ እንዲወጣ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ቡናማ ውሃ አወጡና የጋሽ ሊቀመንበርን ግራጫ ሱሪ አበላሹ። እሳቸውም ተነሥተው "ግንብ ያለቅሳል ወይ? የሚያለቅስ ግንብ ግቢ ያዋርዳል" አሉ። ኮሚቴው ሦስት ለዜሮ ወሰነ። አባዬ ሁለት ቀን ተከራከረ። በሦስተኛው ቀን ሲሚንቶ ለወሰና ደፍኖ ለሰነው። ባልዲውን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ማታ ራት በልተን ስንጨርስ ስለ ኩፍኙ ነገርኩት። "እርጥበት ነው" አለ። ከዚያ ለእማዬ "ራት አልደረሰም?" አላት። ሳህኑ ፊቱ ነበር።

ከፎቶው ሥር፦ "ግንቡ ኩፍኝ ያዘው። አያቶቹ እንዳይተላለፍባቸው።"

ሐሙስ፣ ፎቶ 11

እማዬ ከገመዱ ጋር ተጣላች። አንድ ጫፉ ቤታችን ላይ፣ ሌላው ግንቡ አናት ላይ ባለው ብረት ነው የታሰረው። ረግቦ አንሶላው ሁሉ ጭቃ ነካው፤ ስምንት አንሶላ እንደገና ታጠበ። እኔም አጠብኩ። ገመድም ያረጃል ማለት ነው፤ እዚህ ግቢ ማን ያላረጀ አለ።

ቅዳሜ፣ ፎቶ 13

አባዬ አንድ ነገር እየደበቀን ነው።

ጠዋት ውሃ ልጠጣ ስነሣ በመስኮት አየሁት። ግንቡ አጠገብ ቆሞ ቱንቢውን፣ ያንን ጫፉ ላይ ሾጣጣ ብረት ያለበትን ክር፣ ከግንቡ አናት ቁልቁል ለቆታል። ግንበኛ የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚያየው በሱ ነው። ብረቱ መወዛወዙን እስኪያቆም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ በክሩና በግንቡ መካከል ጣቶቹን አስገባ። ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና በመዳፉ ግንቡን መታ መታ አደረገው፣ የደነበረ በሬ እንደሚያባብል።

ከሰዓት በኋላ ኩሽና ውስጥ እማዬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ንገራቸው" ትለዋለች።

"ምን ብዬ?"

"ያለውን።"

እኔን ሲያዩ ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመሩ። እኔ የሚመስለኝ የጉልበቱ ነገር ነው። መሰላል ሲወጣ ያማል፤ ሰው እንዳያውቅበት ይፈልጋል። ሰው በሠራበት ጉልበት ያፍራል ወይ? አዋቂዎች የሚያፍሩበትን ነገር ስመለከት ብዙ ጊዜ ማፈር ያለባቸው በሌላ ነው።

ሰኞ፣ ፎቶ 15

ትልቅ ግኝት። ያቀናኋቸውን ፎቶዎች ተራ በተራ ሳያቸው ሽማግሌዎቹ እየዘመሙ ነው። በፎቶ አራት ቀጥ ብለዋል። በፎቶ አሥር ትንሽ ወደ ግንቡ አዘንብለዋል። ዛሬማ ሦስቱም በአንድ ወገን የጫነ አውቶቡስ መስለዋል።

እርጅና እንደዚህ ይመጣል አላልኩም ነበር። እንደ ጥርስ አንድ በአንድ እንጂ እንዲህ በሰልፍ አልመሰለኝም።

ከፎቶው ሥር፦ "ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወደ ቀኝ ዘመመ።"

ማክሰኞ፣ ፎቶ 16

አላስቻለኝም፣ ወርጄ አሳየኋቸው። ጋሼ ፍሬን ረጅም ጊዜ አይተው፣ "ካሜራ" አሉኝ፤ ይህ ከፎቶ ስድስት ወዲህ ስሜ ነው፣ "የቀኝ ጎማ ወርዷል ማለት ነው።" እትዬ ሬዲዮ እኔ ወገቤ እንደ ልጃገረድ ነው ብለው ተቆጡ። ጋሽ ሊቀመንበር መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። "ፎቶው ጠማማ ነው እንጂ እኛ አልዘመምንም" አሉ።

አባዬ የሰፈር በር ሊጠግን መሣሪያ ይዞ ሲያልፍ ጠሩት። አንተ ግንበኛ ነህ፣ ቀና ነን ወይስ ዘመናል? ብለው ጠየቁት። አባዬ ስልኬን አየ። አልሳቀም። "ቀና ናችሁ" አላቸው። ስልኩን ሲመልስልኝ ጣቱ ቀዝቅዞ ነበር።

ሐሙስ፣ ፎቶ 18

ዝናብ። እማዬ ገመዱን እንደገና አጠበቀች። አንሶላ። አንሶላ። አንሶላ።

ቅዳሜ፣ ፎቶ 20

ዛሬ ትልቅ ቀን ነበር፣ ማለትም አዋቂዎች ብዙ የዋሹበት ቀን።

ከኛ ሰፈር ማዶ አዲስ ክሊኒክ ሊሠራ ነው። የአጥሩንና የድጋፉን ግንብ ሥራ አባዬ ቢያገኝ እስከሚቀጥለው ክረምት ሥራ አለው። ኮንትራክተሩ ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ፤ በክረምት ነጭ ጫማ የሚያደርግ ሰው ሌላ ሰው እንደሚጠርግለት ያውቃል። አባዬ ሁልጊዜ ለሰው የሚያሳየውን አሳየው፤ ግንባችንን። ስለ ሌላ ሥራው ሲናገር አንደበቱ ይፈታል፤ ዛሬ ግን "ይኸው" ብቻ ብሎ ዝም አለ።

ዝምታውን ጋሽ ሊቀመንበር ሞሉት። ይህ ግንብ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት አንዲት ጠብታ አላነባም አሉ። ኮንትራክተሩ ግንቡን በጥፊ መታው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሐብሐብ የሚገዛ ይመስላል። ከዛሬ አሥር ቀን በኋላ የኮሚቴውን የምስክር ደብዳቤ ይዘህ ና፣ ሥራው ያንተ ነው አለው።

እማዬ አላጨበጨበችም። እኔ ብቻ አጨበጨብኩ። አባዬ ዞሮ አየኝ፣ ያጨበጨበው ሰው የሰደበው ይመስል።

ሰኞ፣ ፎቶ 22

 

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚውን በጋዜጣ ጠርገው ተቀመጡ፤ አነሣኋቸው፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ እንደ ልማዴ በግንቡ ጫፍ አቀናሁት። ዛሬ በጣም ዘመሙ። ጋሼ ፍሬን ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ከፎቶው ሥር የምጽፈው ስድብ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከዚያ ጠርሙሱን አየሁት። የጋሼ ፍሬን የውሃ ጠርሙስ ግማሹን ሞልቶ አግዳሚው ላይ ቆሟል። ጠርሙሱ ዘሟል። ውስጡ ያለው ውሃም አብሮ ዘሟል።

ሽማግሌ ይዘማል። ጠርሙስ ይዘማል። ውሃ ግን አይዘምም። ጠርሙሱን እንደፈለግህ ብታዘነብለው ውሃው ቀጥ ብሎ ይተኛል። አባዬ ውሃ ልክ የሚባል ዕቃ አለው፤ ስሙ ራሱ እየነገረኝ ስንት ዓመት በላዩ ዘልዬ አልፌያለሁ። ውሃው ከዘመመ የዘመመው ፎቶው ነው። ፎቶውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ያዞርኩት ደግሞ ግንቡ ቀጥ እንዲል ነው።

ስልኩ ላይ "ወደነበረበት መልስ" የሚል አለ። የመጀመሪያዎቹን ሳልነካቸው ነበር የተውኳቸው፤ ከፎቶ አራት ጀምሮ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ መለስኳቸው። ከዚያ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት በፍጥነት አሳለፍኳቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ችካል ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጠርሙሱ ቀና ነው። ውሃው ቀና ነው። ግንቡ ግን እየጎነበሰ ነው። ጀርባቸው ላይ የተጻፈ ነገር ሊያነብ የፈለገ ይመስል በየቀኑ ትንሽ፣ በዝናብ ቀን ትንሽ ጨምሮ፣ ጎንበስ ይላል። የገመዱ መርገብም ገባኝ። ገመዱ አላረጀም። ግንቡ ወደ ቤታችን እየቀረበ ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። እኔን አሳቀኝ። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ሳቅኩ።

ደግሞ ሌላው ነገር። ፎቶ ዘጠኝን ሳቀና ጣቴ ከሌላው ቀን የበለጠ መግፋት ነበረበት። ይህን ያኔ አውቄዋለሁ። ማሰሮው ተንቀሳቅሶ ነው አልኩና አለፍኩት። ማሰሮውን አላየሁትም። ማየት ከአንገት መዞር ሌላ ምንም አይጠይቅም ነበር።

አባዬም ያውቃል። ቱንቢው። ጣቶቹ። "ራት አልደረሰም?"

ማክሰኞ፣ ፎቶ 23

ልነግረው ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንዴ ጫማውን ሲያስር ነበር። አንዴ ከእማዬ ጋር። አንዴ ብቻውን ነበር፤ ያኔ "ቁልፉን አይተሃል?" አልኩት። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

ብናገር ደብዳቤው ይቀራል። ክሊኒኩ ይቀራል። ባልናገር ደግሞ አሥር ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ፤ ሦስት ጀርባ፣ ሰባት የተደፈነ ቀዳዳ።

አሥር ሰዓት ሆነ። መጡ።

ረቡዕ፣ ፎቶ 24

አግዳሚው ላይ "ቀለም አልደረቀም" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ጤነኛ ሰው ወረቀት አንብቦ ይሄዳል። ጋሽ ሊቀመንበር በአንድ ጣት ነካ አድርገው ጣታቸውን አዩ። እትዬ ሬዲዮ አላመኗቸውም፤ ራሳቸው ነኩ። ጋሼ ፍሬን ሁለቱንም አላመኑም፤ በመዳፋቸው ጠረጉት። ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡበት፤ ወረቀቱንም ለፀሐይ መከለያ አደረጉት። እነዚህን ሰዎች ከሞት ማዳን ከሞት የበለጠ ይከብዳል።

ሐሙስ፣ ፎቶ 25

አግዳሚውን ስኳር በበጠበጥኩበት ውሃ አጠብኩት። ጉንዳን በሰልፍ ወጣ፤ ከኮሚቴው ይልቅ ሥርዓት አለው። እትዬ ሬዲዮ ተነሥተው እንደ ልጃገረድ ዘለሉ፤ ስለ ወገባቸው እውነታቸውን ነበር። ደስ አለኝ፣ ሊሄዱ ነው ብዬ። አልሄዱም። አግዳሚውን ገልብጠው፣ አራግፈው፣ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ግንቡ አስጠግተው ተቀመጡ፤ ጉንዳን ግንብ ይፈራል ብለው።

ሌሊቱን ይዘንባል ይላል ትንበያው።

ዓርብ፣ ፎቶ 26

ዘነበ። ጠዋት አግዳሚውን ጎትቼ ደረጃው ሥር ደበቅኩት፤ እትዬ ሬዲዮ አዩኝ። ያኔ ወረቀቱም ጉንዳኑም አንድ ላይ ተደምሮ ለአባዬ ደረሰው። ሦስቱ በራችን ላይ ቆሙ። ጋሽ ሊቀመንበር ይህች ልጅ የታላላቆቿን ክብር እየረገጠች ነው፣ ልጅህን ያዝ አሉት። አባዬ ይቅርታ ጠየቀልኝ። በኔ ፈንታ አንገቱን ደፋ። 

ከሄዱ በኋላ በሩን ዘጋና አልጮኸም። "ለምንድን ነው?" ብቻ አለ።

ስልኩን ሰጠሁት። ያልተነኩትን ፎቶዎች፣ ከአንድ እስከ ሃያ ስድስት፣ በጣቱ ቶሎ ቶሎ እንዲገፋቸው አሳየሁት። ሲሚንቶ የበላው ጣቱ መስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ገፋቸው። ግንቡ ጎነበሰ። መልሶ ወደ አንድ ሄደ። ግንቡ ቀና። እንደገና ገፋ፤ ጎነበሰ። አራት ጊዜ ያህል እንዲህ አደረገ።

"ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?"

"ከሰኞ" አልኩት። ከዚያ ሊወጣ የማይገባው ወጣ፤ "ከዘጠነኛው ፎቶ። ግን አቀናሁት። ጠርዝ ያዢ ስላልከኝ... አይደለም። ማየት ስላልፈለግሁ ነው።"

አባዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

"እኔ ከአምና ጀምሮ" አለ።

እማዬ አንሶላ እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለች።

ቅዳሜ፣ ፎቶ 27

ገና ሳይነጋጋ መዶሻና መሮ ይዞ ወረደ። እኔና እማዬ ተከተልነው። አግዳሚውን ግቢው መሃል አስቀመጠና ሦስቱን አንድ በአንድ አንኳኩቶ ጠራቸው። ጋሽ ሊቀመንበር በፒጃማ ላይ ኮት ደርበው መጡ። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ፎቶ ለሦስት ዓመት እስቅበት ነበር።

አባዬ የሚናገረውን ያጠናው አይመስልም። ግንቡ እየወደቀ ነው አላቸው። ጀርባው ውሃ ሞልቶታል፣ መውጫ የለውም። ቱንቢ እየጣልኩ ስለካው ከረምኩ፤ እናንተ ሥሩ እየተቀመጣችሁ ዝም አልኩ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል።

"ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። እንደማይደፈን እያወቅሁ።"

 እኔ ጋሽ ሊቀመንበርን ነው ያየሁት። "ያስደፈንኩት እኔ ነኝ" እስኪሉ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ኮታቸውን ቆለፉ። ከላይ ጀምረው፣ አንድ ቁልፍ አዛንፈው።

አባዬ ሁላችንንም ወደ ደረጃው አራቀን። ጋሼ ፍሬን ከጥንት ጋራዣቸው ያመጡትን አራት ወፍራም ጣውላ አወጡ፤ ሁለት ጎረምሳ ጎረቤቶች ተጠርተው ግንቡን በጣውላ ደገፉት። ከዚያ አባዬ ከጎኑ ቆሞ፣ እጁን ብቻ ዘርግቶ፣ የመጀመሪያውን ክብ መሮ አስነካው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጋሼ ፍሬን በየምቱ ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይረግጣል። በሰባተኛው ምት ልስኑ ተፈንክቶ ውሃው እንደ ክንድ ወፍሮ ተስፈነጠረ። እማዬ አጥባ ያሰጣችው አንሶላ ላይ ነው ያረፈው።  ስታለቅስ ነበር መሰለኝ፤ ወይም ውሃው ነው።

ሰባቱም ተከፈቱ። የሁለት ክረምት ውሃ ነው፤ ሽታው የተረሳ ጉድጓድ ነው። ጉልበታችን ድረስ ቡናማ ሆንን።

ማንሣት ረስቼ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ያስታወሱኝ ጋሼ ፍሬን ናቸው፤ "ካሜራ፣ ዛሬ ፎቶ የለም?" ሮጬ ወጣሁ። በፎቶው አባዬ አለ። ጀርባውን ሰጥቶ ነው፤ ግን አለ።

እሑድ፣ ፎቶ 28

አሁንም ይወርዳል። ክሩ ቀጥኗል። አባዬ ሲደርቅ ከላይ አፍርሼ እንደገና እገነባዋለሁ ይላል። ሽማግሌዎቹ ግቢው መሃል ተቀምጠው ግንቡን ፊት ለፊት ያዩታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያዩት። እስከ ዛሬ ጀርባቸው ነበር የሚያውቀው።

እትዬ ሬዲዮ ወሬውን ሰፈር ሙሉ አድርሰዋል። በእሳቸው አተራረክ ቀዳዳው እንዳይደፈን ያስጠነቀቁት እሳቸው ናቸው።

ሰኞ፣ ፎቶ 29

ጋሽ ሊቀመንበር መጡ። በእጃቸው የምስክር ደብዳቤው፤ ሦስት ገጽ፣ ማኅተም ያለበት። አባዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይህ ለኔ አይገባኝም አላቸው። እሳቸው ከኔ ብዕር ጠየቁ። የኔ ብዕር ሐምራዊ ነው። አፍንጫቸውን ነፉና ተቀበሉት።

መጀመሪያው ገጽ ላይ "የማይነቃነቅ ግንብ የሠራ ባለሙያ" ይላል። "የማይነቃነቅ" የሚለውን በቀጭን መስመር ሰረዙት፤ በማስመሪያ። የቀረው፦ "ግንብ የሠራ ባለሙያ።" ከዚያ ከገጹ ግርጌ ቦታ ፈልገው ጻፉ። እያየሁ ነው የጻፉት፤ ፊደላቸው የጥቁር ሰሌዳ ፊደል ነው።

"ውሃ ማስወጫውን ደፍን ያልነው እኛ ነን። ስህተት መሆኑን የነገረን እሱ ነው።"

ብዕሩን መለሱልኝና ጥፍሬን አዩ። "ቁረጪው" ብለው ሄዱ።

አባዬ ሐምራዊውን መስመር ደጋግሞ ሲያየው ቆይቶ ሳቀ። ድምፁን ረስቼው ነበር፤ ቱቦው የተከፈተ ይመስል መጀመሪያ ተንተፋተፈ።

ጋሽ ሊቀመንበርን ሃያ ስምንት ቀን ሰድቤያቸዋለሁ። ስድቡን አልመልስም፤ አብዛኛው እውነት ነው። አንዱን ግን እሰርዛለሁ። በማስመሪያ።

ማክሰኞ፣ ፎቶ 30

አባዬ ወደ ኮንትራክተሩ ሊሄድ ነው። ነጭ ጫማ እውነት ይወዳል ብዬ አላምንም። እማዬም አታምንም፤ ሸሚዙን ግን ሁለቴ ተኮሰችው።

ከመውጣቱ በፊት ፎቶዎቹን ጠየቀኝ። ትናንት ፎቶ ቤት ወስጄ አሳትሜያቸው ነበር፤ ያቀናኋቸውን ሳይሆን ያልነካኋቸውን፣ ግንቡ የሚጎነብስባቸውን። ሃያ ሰባቱን ከደብዳቤው ጋር ፖስታ ውስጥ ከተተ። "ሲጠይቀኝ ይህን ነው የማሳየው" አለ። "ግንብ እንዴት እንደሚወድቅ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ግንበኛ የለውም።"

ይህኛው ግን ሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈ አይመስልም።

መስኮቱ ጋ ሮጥኩ። ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ የአስተማሪው ሕግ ፈረሰ፤ ለክረምት ሥራው ከተያዘው ሃያ ነጥብ ይቀንስ። አባዬ ግቢውን ሲያቋርጥ ሽማግሌዎቹ እንደ ሰልፍ ተነሡለት። የግቢው በር ላይ ሲደርስ ዞሮ ወደ መስኮቴ አየ፤ ቆመም። ላነሣው እንደሆነ ገብቶታል። ፊቱን ነው የሰጠኝ። ግንቡ በፎቶው ቀኝ ነው፤ ሰባቱም ቀዳዳ ጠብ ጠብ ይላሉ።

ከፎቶው ሥር ምንም አልጻፍኩም። ትንሽ ዘሟል። ማሰሮው ይሁን እጄ አላውቅም። አልነካሁትም።